ስም ያልጠራው አታሚ

እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 1735 ኒው ዮርክ ውስጥ ችሎት የቀረበው ተከሳሽ ከታሰረበት ክፍል ፍርድ ቤት ለመድረስ ደረጃ መውረድ ብቻ ነበረበት። ዎል ስትሪት ላይ የነበረው የከተማው ማዘጋጃ ቤት ላዩ እስር ቤት፣ ታቹ ችሎት ነበር። ሰውየው ጆን ፒተር ዘንገር ይባላል፤ ሙያው አታሚ፣ ዕድሜው 38 ግድም ነው። በጋዜጣው ባወጣቸው ጽሑፎች አገረ ገዢውን አዋርደሃል፣ ሕዝቡን ለአመፅ አነሳስተሃል ተብሎ ተከሷል። ጽሑፎቹን የጻፉት ግን ሌሎች ነበሩ።

ጽሑፉ የሌሎች፣ የችሎቱ ክርክር የሌላ፣ በኋላ በስሙ የታተመው የችሎቱ ትረካም በአብዛኛው የሌላ ሰው ሥራ ነው። የዘንገር ድርሻ ፊደል መልቀም፣ ማተምና መታሰር ነበር። በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመራል፦ ማን እንደጻፈው አልተናገረም። የአሜሪካ የፕሬስ ነፃነት ታሪክ ሲተረክ የሚደመጠው የጠበቃው ንግግር ነው፤ የአታሚው ዝምታ ብዙ ጊዜ በግርጌ ማስታወሻ ይታለፋል።

ዘንገር በ1697 የተወለደው በራይን ወንዝ አካባቢ፣ ፓላቲኔት በሚባለው የጀርመን ምድር ነው። ጦርነትና ችግር ያፈናቀላቸው የዚያ አገር ሰዎች ወደ እንግሊዝ ሲጎርፉ ንግሥት አን በሺዎች የሚቆጠሩትን በመርከብ ወደ ኒው ዮርክ ላከቻቸው። በ1710 በተደረገው በዚያ ጉዞ ብዙዎች በበሽታ አለቁ፤ የዘንገር አባት ከሟቾቹ አንዱ ነበር። መንግሥት የስደተኞቹን ልጆች ለባለሙያዎች በውል ሲያከፋፍል የ13 ዓመቱ ዘንገር ለስምንት ዓመት በተለማማጅነት ተሰጠ። የወሰደው በወቅቱ በኒው ዮርክ ብቸኛ የነበረው አታሚ ዊልያም ብራድፎርድ ነው።

ብራድፎርድ ራሱ የሚተረክለት ሰው ነው። በወጣትነቱ፣ በ1692፣ ፊላደልፊያ ውስጥ ባለሥልጣናቱን የሚተች ጽሑፍ አትመሃል ተብሎ ታስሮ ነበር። በችሎቱም ጽሑፉ አመፅ ቀስቃሽ መሆን አለመሆኑን የመወሰን ሥልጣን የጁሪው፣ ማለትም ከነዋሪው የተመረጡት ፈራጆች ነው ብሎ ተሟግቷል። ለማስረጃ የቀረበውን የተለቀመ የእርሳስ ፊደል አንድ የጁሪ አባል በምርኩዙ ሲነካው ተበትኖ ማስረጃው ጠፋ የሚል ወግም ሲነገር ኖሯል። ይኸው ሰው ከአርባ ዓመት በኋላ የመንግሥት አታሚ ነው፤ ደመወዙን ከገዢው እጅ ይቀበላል፣ በ1725 የጀመረው ኒው ዮርክ ጋዜት የተባለው ጋዜጣም ገዢውን የሚያስከፋ ነገር አያወጣም። ሙያውን ለዘንገር ያስተማረው እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ዘንገር ውሉን ጨርሶ ወጣ፤ አገባ፣ ወደ ሜሪላንድ ሄደ፣ ሚስቱ ሞተችበት፣ ተመልሶ ኒው ዮርክ መጣ። በ1722 አና ካተሪና ማውሊን የተባለች ሴት አገባ። ከቀድሞ አሳዳሪው ጋር ለአጭር ጊዜ ሽርክና ገብቶ በ1726 የራሱን ማተሚያ ቤት ከፈተ። ሥራው ቀጭን ነበር፤ የሃይማኖት ትራክቶች፣ አንዳንድ በራሪ ወረቀቶች፣ በ1730 ደግሞ በደች ቋንቋ የተጻፈ የሒሳብ መማሪያ። እንግሊዝኛው ደካማ ስለነበር ኅትመቶቹ ስህተት አያጣቸውም። የመንግሥት ሥራ ሁሉ በብራድፎርድ እጅ ነበርና ዘንገር ገበያ የሚያመጣለት ነገር ይፈልግ ነበር። ጀግና ሊሆን ማተሚያ ቤት አልከፈተም ማለት እሱን ማሳነስ አይደለም።

በኦገስት 1732 አዲሱ አገረ ገዢ ዊልያም ኮዝቢ ከእንግሊዝ ደረሰ። ከዚያ በፊት ሚኖርካ ደሴት ላይ ሲገዛ የአንድ ነጋዴ ንብረት ያለ አግባብ ይዞ ካሣ እንዲከፍል የተፈረደበት ሰው ነው። ወደ ኒው ዮርክ የመጣው ያ ዕዳ ያጎደለበትን ሊሞላ ነው የሚለው ግምት ከእውነት የራቀ አይመስልም። የመጀመሪያ ሥራውም ገንዘብ መጠየቅ ሆነ። የቀድሞው ገዢ ሞቶ ኮዝቢ እስኪመጣ 13 ወር ያህል ቅኝ ግዛቱን ያስተዳደሩት የገዢው ምክር ቤት አንጋፋ፣ የደች ተወላጁ ነጋዴ ሪፕ ቫን ዳም ነበሩ። ኮዝቢ በዚያ ጊዜ ከተቀበሉት ደመወዝ ግማሹን አምጡ አላቸው። ሽማግሌውም፣ እርስዎም ለንደን ተቀምጠው በዚሁ ሹመት ስም ያገኙትን አምጡና እንካፈል ብለው መለሱ።

ኮዝቢ ጉዳዩ በጁሪ ፊት ከቀረበ እንደሚረታ ገብቶታል። ስለዚህ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዳኞች ያለ ጁሪ በሚሠራ ልዩ ችሎት እንዲቀመጡ አደረገ። ከሦስቱ ዳኞች ሁለቱ፣ ጀምስ ዴላንሲና ፍሬድሪክ ፊሊፕስ፣ የእሱ ወገን ነበሩ። የዳኞቹ አለቃ ሉዊስ ሞሪስ ግን ገዢው ብቻውን እንዲህ ያለ ችሎት የማቋቋም ሥልጣን የለውም ብሎ ተቃወመ። የተቃውሞውን ሐሳብ በበራሪ ጽሑፍ አድርጎ አሳተመው፤ አታሚው ዘንገር ነበር። ኮዝቢም ለ18 ዓመት ያህል በወንበሩ የቆየውን ሞሪስን ሽሮ ዴላንሲን ሾመበት። የዴላንሲ ዕድሜ ያን ጊዜ 30 አልሞላም።

የተሻረው ዳኛ ዝም ብሎ ቤቱ አልተቀመጠም። በኦክቶበር 1733 መጨረሻ ኢስትቸስተር በተባለው መንደር አረንጓዴ ሜዳ ላይ በተደረገ የሕግ አውጪ ምክር ቤት ምርጫ ተወዳደረ። መራጩ ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ፣ በመለከትና በቫዮሊን ታጅቦ ሜዳውን ሞላው። ምርጫው በግልጽ ነበር፤ ማን ማንን እንደመረጠ ሁሉም ያያል። የኮዝቢ ሹም የሆነው ሸሪፍ፣ ኩዌከሮች በመጽሐፍ ምለው ንብረት እንዳላቸው ካላረጋገጡ አይመርጡም አለ። ኩዌከር በሃይማኖቱ መሐላ አይምልም፤ ሸሪፉ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። 38 ሰው ድምፁን ተከለከለ። ሞሪስ ግን በ231 ለ151 አሸነፈ።

የብራድፎርድ ጋዜት ስለዚህ ሁሉ የረባ ነገር አላለም። በኖቬምበር 5 ቀን 1733 ግን ከተማው አዲስ ጋዜጣ አየ፦ ኒው ዮርክ ዊክሊ ጆርናል። አሳታሚው ጆን ፒተር ዘንገር ነበር፤ ምርጫው ከነመለከቱ፣ ከነሸሪፉ፣ ከነኩዌከሮቹ በሰፊው ተዘግቦበታል። ከጋዜጣው ጀርባ የሞሪስ ወገኖች ነበሩ። ዋናው ሰው ስኮትላንዳዊው ጠበቃ ጀምስ አሌክሳንደር ነው፤ የሚጻፈውን የሚመርጠው፣ አብዛኛውንም ራሱ የሚጽፈው እሱ ነበር። ሌላው ጠበቃ ዊልያም ስሚዝም አብሮ ነበረበት። ማንኛቸውም ስማቸውን ከጽሑፋቸው ሥር አላኖሩም። በጋዜጣው ላይ የሚታየው ስም የአታሚው ብቻ ነው።

ጆርናል ቀልዱ የሚጥም ጋዜጣ ነበር። ስለ ነፃነት ረጃጅም ድርሰቶች ያወጣል፤ ከለንደን የመጡ የታወቁ የፖለቲካ ደብዳቤዎችንም እንደገና ያትማል። ሰው በጉጉት የሚጠብቀው ግን የማስታወቂያ ገጹን ነበር። አንድ ጊዜ ከቤቱ የጠፋ ትልቅ ውሻ ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ ወጣ። የውሻው ቁመት አምስት ጫማ ከአምስት ኢንች፣ አፉም በውዳሴ የተሞላ ነው ይላል። ለኮዝቢ የምስጋና ጽሑፍ የሚያቀርበው የገዢው ምክር ቤት አባል ፍራንሲስ ሃሪሰን መሆኑን ለመረዳት ማንም አልቸገረውም። ሰሙ የጠፋ ውሻ፣ ወርቁ ፍራንሲስ ሃሪሰን። ፍርድ ቤት በሰም አይፈርድም፤ ወርቁን ደግሞ ከሳሹ ራሱ ፈትቶ መናገር ይኖርበታል፤ ያንን ማድረግ ውሻው እኔ ነኝ ብሎ እንደ መፈረም ነው።

ኮዝቢ ሁለት ወር ታገሠ። በጃንዋሪ 1734 ዳኛው ዴላንሲ ታላቁን ጁሪ፣ ማለትም ክስ ይመሥረት አይመሥረት ብለው የሚወስኑትን የከተማ ነዋሪዎች ሰብስቦ ስለ ስም ማጥፋት ወንጀል አስተማራቸው። አልከሰሱም። በኦክቶበር ደግሞ የኮዝቢ ሰዎች በከተማው ምርጫ ከተሸነፉ በኋላ የወጡ ሁለት የፌዝ ዘፈኖችን ይዞ ተመለሰ። ጁሪው ዘፈኖቹ በእርግጥም ነውረኛ ናቸው አለ፤ ደራሲውንና አታሚውን ግን ልናውቅ አልቻልንም ሲል ጨመረበት። በዚያች ትንሽ ከተማ የሚሠሩት አታሚዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ደግሞ የመንግሥት ነው።

ቀጥሎ የገዢው ምክር ቤት የጆርናል አራት እትሞች፣ ቁጥር 7፣ 47፣ 48 እና 49፣ በአደባባይ በሰቃዩ እጅ ይቃጠሉ ብሎ አዘዘ። የከተማው ሹማምንትም ተገኝተው እንዲያዩ ታዘዙ። እነሱ ግን አልተገኙም፤ ትእዛዙንም በመዝገባቸው ላይ አናሰፍርም አሉ። ሃሪሰን ለማሳመን ሞክሮ፣ በሕግ መጽሐፍ አስደግፈህ አሳየን ሲሉት ተቆጥቶ ወጣ። የከተማው ሰቃይ የሹማምንቱ ታዛዥ ስለሆነ እሱም ተከለከለ። በመጨረሻ ሸሪፉ የራሱን ባሪያ አዝዞ አስቃጠለው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ተገቢ ነው። በ1731ዱ ቆጠራ ከተማው 8,622 ነዋሪ ነበረው፤ ከእነሱ 1,577ቱ ጥቁሮች ናቸው፣ አብዛኞቹም ባሪያዎች። ስለ ነፃነት የሚጽፉትና የሚያነቡት ሰዎች በገዢው ሥር ባሪያ ልንሆን ነው እያሉ ደጋግመው ያማርራሉ። እምቢ ማለት የቻሉት ሹማምንት እምቢ አሉ፤ እሳቱን የለኮሰው ደግሞ እምቢ ማለት ከማይችሉት አንዱ ነው። የዘመኑ ጽሑፍ የማን ባሪያ እንደሆነ እንጂ ስሙን አልመዘገበም።

ገዢው የጸሐፊውን ማንነት ለሚነግረው 50 ፓውንድ እንደሚሸልም አወጀ። ንብረቱ ተደምሮ 40 ፓውንድ ለማይሞላ አታሚ ይህ ከኑሮው ሁሉ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ዘንገር ሽልማቱን አልፈለገም። በኖቬምበር 17 ቀን 1734፣ እሑድ ዕለት፣ ያለ ጁሪ ክስ በምክር ቤቱ ትእዛዝ ተይዞ ታሰረ። ለጥቂት ቀናት ብዕርና ወረቀት፣ ጠያቂም ተከለከለ። የዚያ ሳምንት ጆርናል ሳይወጣ ቀረ።

በሚቀጥለው ሰኞ ግን ወጣ። ዘንገር በበሩ ቀዳዳ ከሚስቱና ከሠራተኞቹ ጋር እንዲነጋገር ስለተፈቀደለት በዚያው በኩል አንባቢዎቹን ማገልገሉን እንደሚቀጥል ጽፎ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ወር ገደማ ጋዜጣው አንድም ሰኞ አልቀረም። ማተሚያ ቤቱን ያንቀሳቀሰችው አና ናት። ልጆች እያሳደገች፣ ፊደሉን እያስለቀመች፣ ወረቀቱን እያስረጠበች፣ ደንበኛውን እያስተናገደች፣ ደግሞም ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ እየወጣች በቀዳዳ ትነጋገር ነበር። ይህን ሁሉ ሳታውለበልብ፣ ሳታስጮህ ስላደረገችው ብዙ የታሪክ መጽሐፍ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፋታል።

የዋስትናው ነገር ጥያቄ ያስነሳል። ዴላንሲ የጠየቀው ዘንገር ራሱ 400 ፓውንድ፣ ሁለት ዋሶች ደግሞ እያንዳንዳቸው 200 ፓውንድ እንዲያስይዙ ነው። ዘንገር ከሙያ ዕቃውና ከልብሱ በቀር ንብረቴ 40 ፓውንድ አይሞላም ብሎ ማለ። አሌክሳንደርም ሞሪስም ግን ባለጠጎች ነበሩ። ለምን አልተዋሱትም? የታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚሰነዝሩት ግምት አለ፦ የታሰረ አታሚ ለፖለቲካ ወገናቸው ከተፈታ አታሚ ይልቅ ይጠቅም ነበር። እውነት ከሆነ፣ የደበቃቸው ሰው በእነሱ ፈቃድ ክረምቱን በእስር ቤት አሳልፏል ማለት ነው። እሱ ግን ይህን እንደ ምክንያት ቆጥሮ አፉን አልከፈተም።

ሌላ ታላቅ ጁሪ በጃንዋሪ 1735 ደግሞ መክሰስ እምቢ አለ። ስለዚህ ዐቃቤ ሕጉ ሪቻርድ ብራድሊ ጁሪን ዘሎ በራሱ ሥልጣን ክስ አቀረበ፤ ክሱ የተመሠረተው በቁጥር 13 እና 23 ላይ ነው። በእነዚህ እትሞች የተጻፈው፣ ዳኞች ያለ ምክንያት ይሻራሉ፣ ያለ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ፈቃድ አዲስ ችሎት ይቋቋማል፣ ገዢው ሲፈልግ በጁሪ መዳኘት ይቀራል የሚል ነበር። የኒው ዮርክ ሰው ሁሉ በዓይኑ ያየው ነገር ነው። በኤፕሪል አሌክሳንደርና ስሚዝ የዳኞቹ የሹመት ደብዳቤ ራሱ ሕጋዊ አይደለም ብለው ሲከራከሩ ዴላንሲ ሁለቱንም ከጥብቅና ሙያ አገዳቸው። በምትካቸው ጆን ቻምበርስ የተባለ ወጣት ጠበቃ በፍርድ ቤት ተመደበ። የገዢው ወገን ነው ተብሎ ቢጠረጠርም ሥራውን በታማኝነት ሠራ። ለጁሪ የቀረበው የ48 ሰዎች ዝርዝር የገዢውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ልብስ ሰፊ፣ ጫማ ሰፊና ሻማ ሠሪ ጨምሮ ሲመጣ ተቃውሞ በተለመደው ሥርዓት እንደገና እንዲመረጥ አስደረገ። ክሱ የተረታው ምናልባት ያን ቀን ነው። ከተመረጡት 12 ሰዎች ብዙዎቹ የደች ስም ያላቸው ነበሩ፤ ቫን ዳምን ማን እንዴት እንዳስተናገዳቸው አልረሱም።

አንድሩ ሃሚልተን በችሎቱ ቀን ሳይጠበቅ ብድግ አለ። አሌክሳንደር በምስጢር ከፊላደልፊያ ያስመጣው፣ ወደ 60 የተጠጋ፣ በቅኝ ግዛቶቹ ስመ ጥር የሆነ ጠበቃ ነው። መጀመሪያ ያደረገው ነገር ሁሉንም አስደነገጠ፦ ደንበኛዬ ጽሑፎቹን ማተሙን አምናለሁ አለ። በዘመኑ ሕግ መሠረት ለጁሪው የሚቀረው ሥራ ያ ብቻ ነበር፤ አትሟል ወይስ አላተመም። ጽሑፉ ወንጀል መሆኑን የሚወስነው ዳኛው ነው። እውነት መሆኑም ተከሳሹን አያድነውም፤ እንዲያውም እውነት የሆነ ነቀፋ ገዢውን የበለጠ ያስጠላል ተብሎ ይታመን ነበር። ዐቃቤ ሕጉ፣ እንግዲያስ ምስክር አያስፈልግም፣ ጁሪው ለንጉሡ ይፍረድ አለ።

ሃሚልተን ግን ክሱ ራሱ ጽሑፎቹን ሐሰት ይላቸዋል፤ ሐሰት መሆናቸውን አስረዱ፣ ወይም እውነት መሆናቸውን እኛ እናስረዳ ብሎ ያዘ። ዴላንሲ ከለከለው። በዚህ ጊዜ ፊቱን ከዳኛው ወደ ጁሪው አዞረ። ምስክሮቻችን እናንተው ናችሁ፣ የሆነውን ታውቃላችሁ አላቸው። ከዚያ የተናገረው ረጅም ነው፤ ጭብጡ ግን ጉዳዩ የአንድ ድሃ አታሚ ሳይሆን በገዢ ላይ የደረሰን በደል አውጥቶ የመናገር መብት ነው የሚል ነበር። ሰዎቹ ወጥተው ብዙ ሳይቆዩ ተመለሱ። የጁሪው ሰብሳቢ ቶማስ ሃንት ጥፋተኛ አይደለም ሲል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ዴላንሲ ቢቆጣም የሰማው የለም።

ወደ አርባ የሚጠጉ ሰዎች ለሃሚልተን ብላክ ሆርስ በተባለው መጠጥ ቤት ግብዣ አደረጉለት፤ ሲሄድም የወደቡ መርከቦች መድፍ ተኮሱለት። ለአገልግሎቱ ገንዘብ አልተቀበለም። የከተማው ምክር ቤት በኋላ አምስት ተኩል አውንስ በሚመዝን የወርቅ ሣጥን የክብር ዜግነት ላከለት። ዘንገር ከእስር የወጣው ግን በማግስቱ ነው። በግብዣው ሌሊት ነፃ የተባለው ሰው ገና እላይ ክፍሉ ውስጥ ነበር።

ኮዝቢ በማርች 1736 ሞተ። በዚያው ዓመት ዘንገር የችሎቱን ታሪክ የያዘ መጽሐፍ አሳተመ፤ በራሱ ድምፅ የተተረከ ቢመስልም አብዛኛውን ያዘጋጀው አሌክሳንደር ነው። ለንደን ላይም በተደጋጋሚ ታትሟል። የሚገርመው፣ ዘንገር ራሱ በ1737 የኒው ዮርክ የመንግሥት አታሚ ሆነ፣ በተከታዩ ዓመት ደግሞ የኒው ጀርዚ፤ የብራድፎርድ ቦታ ማለት ነው። ሀብት ግን አላፈራም፤ በ1746 በድህነት ሞተ። አና ጋዜጣውን ሁለት ዓመት ያህል አሳተመች፤ ከዚያ ልጁ ጆን ተረከበው፣ በ1751 ቆመ።

ፍርዱ ሕጉን አልለወጠውም። አንድ ጁሪ በአንድ ቀን አልፈርድም አለ፤ ዳኞች ግን በዚያው በአሮጌው ደንብ ቀጠሉ። እውነት መናገር መከላከያ የሚሆንበት ሕግ ኒው ዮርክ ያወጣችው በ1805፣ ከ70 ዓመት በኋላ ነው፤ ያም ሃሪ ክሮስዌል የተባለ ሌላ የጋዜጣ ሰው ተከስሶ፣ ከአንድሩ ጋር ዝምድና የሌለው አሌክሳንደር ሃሚልተን ከተሟገተለት በኋላ። እስከዚያው አታሚዎችን ሲያስር የነበረው ገዢ ብቻም አይደለም፤ ስለ ሕዝብ ነፃነት የሚምለው ሕግ አውጪ ምክር ቤትም ነበር። በ1756 ጀምስ ፓርከር የተባለውን አታሚ ምክር ቤቱ አስሮት ነበር።

ይህ ፓርከር እንደ ዘንገር ሁሉ የብራድፎርድ ተለማማጅ የነበረ ነው። በ1769 መጨረሻ ምክር ቤቱን የሚያወግዝ፣ ጸሐፊው ያልተገለጸ ወረቀት በእሱ ማተሚያ ቤት ታተመ። እንደገና ሽልማት ታወጀ። አንድ ሠራተኛው ጠቆመ፤ ፓርከርም ሥራውንና ነፃነቱን እንደሚያጣ ሲነገረው ጸሐፊው አሌክሳንደር ማክዱጋል ነው ብሎ ቃሉን ሰጠ። ማክዱጋል በፌብሩዋሪ 1770 ታሰረ፤ ዋስ አልጠራም አለ፤ ጠያቂው ስለበዛ በቀጠሮ ይቀበል ጀመር። ነገር ግን ፓርከር በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ ሞተ። ዋናው ምስክር ስለሌለ ክሱ ለፍርድ ሳይቀርብ ቀረ፤ ምክር ቤቱ ግን በራሱ ሥልጣን ማክዱጋልን በድጋሚ አሰረው።